ባሩድ፦ ቀበና ግቢ ውስጥ ያለ ጀርመን ሸፐርድ የሥራ ማስታወሻ፣ ከሰኔ እስከ ጥር

ሰኔ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ወንድ ጀርመን ሸፐርድ፣ ዕድሜው 5 ወር፣ ክብደቱ 19.5 ኪሎ። የተለካው በቤት ሚዛን ነው፤ ሰው አቅፎት ይወጣና የሰውየው ኪሎ ይቀነሳል። የክትባት ካርዱ የተሟላ ነው፦ የፓርቮና የዲስተምፐር (ሁለቱም ቡችላ የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ናቸው) ጥምር ክትባት ሦስት ዙር፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አንድ ጊዜ በ3 ወሩ። ቀድሞ በነበረበት ግቢ ቀን በሰንሰለት ይታሰር፣ ማታ ይፈታ ነበር።

ግቢው ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። 11 በ14 ሜትር ቢሆንም ቤቱ፣ ሰርቪሱና የውሃ ታንከሩ ከያዙት የሚተርፈው ወደ 50 ካሬ ነው። በሩ በቀጥታ እግረኛ መንገድ ላይ ይከፈታል። ሌሊት ለኪዳን የሚሄዱ፣ ጠዋት ተማሪዎች፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ዕቃ አድራሾች ያልፋሉ። ግቢው ውስጥ ከባለቤቶቹ ሌላ የቀንና የማታ ጥበቃ፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው ተከራዮች፣ የቤት ሠራተኛም አሉ።

የሚታየው ችግር፦ በሩ ሥር አፍንጫውን አውጥቶ የመንገደኛ እግር ላይ ይጮኻል፤ ሰው ሲገባ ደረት ላይ ይወጣል፤ የልጆቹን እጅ ይነክሳል፣ ባይጎዳም ጥርሱ ይሰማል፤ ሌሊት ከ8 ሰዓት ጀምሮ ያለ እረፍት ይጮኻል።

ሰንሰለቱ በመጀመሪያው ቀን ተነሥቷል። የታሰረ ውሻ የሚያየው ነገር ጋ መድረስም ከሚፈራው መሸሽም አይችልም፤ ሁለቱም ሲከለከሉት የሚቀረው ጩኸትና ጥርስ ነው። ብዙ ሰው ይህንን «ጎበዝ ጠባቂ ሆነ» ይለዋል። የሆነው ግን የሚነክሰውን የማይመርጥ ውሻ ነው፣ የቤቱን ልጅ ጨምሮ።

ዝርያው የተቋቋመው ጀርመን ውስጥ በ1899 እ.ኤ.አ. ነው፤ ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የፈረሰኛ መኮንን የእረኛ ውሾችን ሰብስቦ አራባ። የውሻው ሥራ አጥር በሌለው የእርሻ አገር በመንጋውና በሰብሉ መካከል ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰ፣ ዓይኑን ከእረኛው ሳያነሣ፣ በጉን ከድንበሩ ማስቆም ነበር። ለሥልጠናው ዋናው ፍንጭ ይህ ነው። የሩጫ ብቻ ውሻ አይደለም፤ የመመላለስ፣ የመቆም፣ የመጠበቅና ሰው የማየት ውሻ ነው። «ግቢው ሰፊ ነው፣ እንደ ልቡ ይሮጣል» የሚለው ስለዚህ አይሠራም። ብቻውን ግቢ የተተወ ውሻ አይሮጥም፤ በር ላይ ቆሞ ሥራ ይፈልጋል፣ ያገኘውም ሥራ መንገደኛን ማባረር ነው። በሩጫ ብቻ ማድከምም በሁለት ወር ውስጥ የሚያተርፈው ይበልጥ የማይደክም ውሻ ነው።

ሰኔ፣ የመጨረሻው ሳምንት። በሩ

ከሥልጠና በፊት ብረት ሥራ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይናገራል፤ ሳይታሰብ አምልጦ ያደረሰውም ቢሆን ያው ነው። «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ በር ላይ መጻፍ ብቻውን ይህን ኃላፊነት አያነሣም።

በበሩና በመሬቱ መካከል 14 ሳንቲ ክፍተት ነበር። የ5 ወር ሸፐርድ አፍና እግሩ በዚህ ይወጣል፤ ቆፍሮ ካሰፋው ራሱም ይወጣል። 10 ሳንቲ ከፍታ ያለው የኮንክሪት ደፍ ተሞላ፣ የቀረው 4 ሳንቲ ነው። ደፍ ሲሞላ የሚረሳው ውሃ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግቢው ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት ባለ 5 ሳንቲ ሁለት ቱቦዎች ተቀመጡ።

የበሩ የላይኛው ክፍል ፍርግርግ ስለነበር ከታች እስከ 1.30 ሜትር በላሜራ ተሸፈነ። ውሻው የሚያልፈውን እግር ካላየ ጩኸቱ ይቀንሳል። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ መንገደኛ ድሮም ሊያልፍ ነበር፤ ውሻው ይጮኻል፣ ሰውየው ይሄዳል፣ ውሻው «አባረርኩት» ብሎ ይማራል። በቀን መቶ ጊዜ እንዲህ ያለ ድል የሚያገኝ ውሻ በቁጣ አይታረምም።

ከዋናው በር 1.5 ሜትር ገባ ብሎ ሁለተኛ በር ተሠራ። 40 በ40 ሚሊ የብረት ቱቦላሬ፣ ባለ 5 ሳንቲ ዓይን ሽቦ፣ ከፍታው 1.80። የሚከፈተው ወደ ውሻው በኩል ነው፣ ቢገፋው ራሱን ይዘጋል። መቀርቀሪያው ከውጭ በኩል ባለ ስፕሪንግ ነው፤ ወደ ታች የሚጫን እጀታ ሸፐርድ በሳምንት ውስጥ በእግሩ መክፈት ይማራል። ሕጉ አንድ ነው፦ አንዱ በር ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። ዕቃ ጫኝ ሲመጣ ሁለቱንም በድንጋይ ደግፎ መክፈት የሚቀናው ሰው ሁልጊዜ አለ። ለዚያ ቀን ውሻው አስቀድሞ ክፍል ውስጥ ይገባል።

የግንቡ ከፍታ 2 ሜትር ነው፣ ይበቃል። ግንቡን ተደግፈው የነበሩት በርሜልና የማገዶ ክምር ግን ደረጃ ናቸውና 1.5 ሜትር ራቁ።

ሐምሌ፣ መጀመሪያ። ቤቱ

የውሻ ቤት ውስጡ 120 በ80፣ ከፍታው 85 ሳንቲ። ለሙሉ ሸፐርድ የሚበቃው ይኸው ነው፤ ከዚህ የሰፋ የገዛ ሙቀቱን አይይዝለትም። ወለሉ በአራት ብሎኬት ከመሬት 15 ሳንቲ ተነሥቷል፣ ግድግዳው 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ ማእዘኑ የሞራሌ እንጨት። በሩ 40 በ60፣ መሐል ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን፣ ውሻው ከንፋሱ ዞር ብሎ የሚተኛበት ጥግ እንዲኖረው። ጣራው ወደ ኋላ 10 ሳንቲ ያዘነበለ ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ ኮምፔንሳቶ ካልገባ ግን የሐምሌ በረዶ ሲወርድ ከበሮ ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ አንድ ሌሊት የደነገጠ ቡችላ ተመልሶ አይገባበትም።

ምንጣፉ ጭድ አይደለም፤ በክረምት በሦስት ቀን ይሻግታል። ሁለት ድርብ ጆንያ ታጥቦ እየተቀያየረ ይነጠፋል።

ጭቃ ለሚበዛበት ጥግ ጠጠር ቀርቦ ነበር፤ ተመለሰ። ጥርስ የሚቀይር ቡችላ ጠጠር ይውጣል፤ የታፈነ አንጀት ደግሞ በቢላዋ ካልሆነ አይከፈትም። ከመንገድ ሥራ የተረፈ ኮብልስቶን በአሸዋ ላይ ተነጠፈ፣ በሜትር 2 ሳንቲ ወደ ቱቦው ያዘነበለ።

የውሃ ሳህኑ በቀን ሁለቴ ይታጠባል፣ ማታ ወደ ውስጥ ይገባል። ክረምት አይጥ ከጎርፍ ሸሽቶ ግቢ የሚገባበት ወቅት ነው፤ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ በአይጥ ሽንት በተበከለ ውሃ ይተላለፋል፣ ሰውንም ይይዛል። የቀበና ወንዝ ለውሻ መጠጥም መዋኛም አይደለም፣ በማንኛውም ወቅት።

ሐምሌ፣ አጋማሽ። ምግብ

ልኬቱ በስልክ ካልኩሌተር ይወጣል፦ ኪሎውን በኪሎው፣ ውጤቱን እንደገና በኪሎው ማባዛት፣ ስኩዌር ሩት ሁለት ጊዜ መጫን፣ በ70 ማባዛት። 19.5 እንዲህ ሲባዛ 7415፤ ከሁለቱ ሩት በኋላ 9.28፤ በ70 ሲባዛ 650 ካሎሪ። ይህ ተኝቶ የሚያቃጥለው ነው። ከ4 ወር በላይ ላለ አዳጊ ቡችላ እጥፉ ይሰጣል፣ 1300። ካደገ በኋላ ከ1.6 እስከ 1.8 ጊዜ።

ከዚህ ሦስት አራተኛው በትልቅ ዝርያ ቡችላ ደረቅ ምግብ፣ 270 ግራም ገደማ፤ ቀሪው በ200 ግራም ቅቅል የበሬ ልብ። ደረቁ ውድ ነው፣ እየጠፋም ያስቸግራል። ግን የትልቅ ዝርያ ቡችላን ሙሉ በሙሉ በቤት ምግብ ማሳደግ የካልሲየምና የፎስፈረስ ሚዛን ጨዋታ ነው። ሥጋና ሩዝ ብቻ ሲሆን ካልሲየም ያጥራል፣ አጥንት ይለሰልሳል። ያንን ፈርቶ ደረቁ ላይ የካልሲየም ዱቄት መጨመር ደግሞ ይብሳል፤ የበዛ ካልሲየም አጥንትና መገጣጠሚያውን ያጣምማል። ደረቁ ላይ ምንም ካልሲየም አይጨመርም። ደረቁ ጠፍቶ ጥቂት ቀን በቤት ምግብ ብቻ ማለፍ ግድ ከሆነ አጥንት የሚያበላሽ አይደለም፣ ወር ሲሆን ግን ነው።

ማወፈር አያስፈልግም። የጎን አጥንቱ ሳይታይ በእጅ ሲዳሰስ መቆጠር አለበት። ሸፐርድ ለዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የተጋለጠ ነው፣ በቡችላነት የተሸከመው ትርፍ ኪሎ ያባብሰዋል።

ምግቡ ከበሩ ተቃራኒ ጥግ ሆኗል። ቀድሞ ጥበቃው በሩ ሥር ያበላው ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለው ተረት እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

በቀን ሁለት ጊዜ ይበላል፤ ከመብላቱ አንድ ሰዓት በፊት፣ ከበላ በኋላም ሁለት ሰዓት ሩጫ የለም። ደረተ ጥልቅ ውሻ ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል፤ ሆዱ እንደ ከበሮ ሲወጠር፣ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም ሳይወጣው ሲቀር፣ ለሀጩ ሲዝረከረክ፣ ጠዋት ይሁን ሌሊት ሐኪም ጋ የሚደረሰው በዚያው ሰዓት ነው። እስኪነጋ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

ሐምሌ፣ ሦስተኛ ሳምንት። ቃላት

ጥበቃው «አርፍ»፣ ልጆቹ «ሲት»፣ ሠራተኛዋ «ቁጭ በል» ይሉት ነበር። ለውሻው ሦስት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ስድስት ቃል በወረቀት ተጽፎ ወጥ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ፦ ተቀመጥ፣ ተኛ፣ ቆይ፣ ና፣ ተው፣ ቦታህ። ከነዚህ ውጭ የሚለው ሰው ወሬ እያወራ ነው፤ ማውራቱ አይከለከልም፣ ትእዛዝ ግን አይደለም።

ሽልማቱ የተቀቀለ ጉበት ነው። በሽምብራ ፍሬ ልክ ተቆርጦ በምጣድ ላይ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ኪስ እንዳያበላሽ። ቋንጣ ደረቅና ምቹ ቢሆንም በርበሬና ጨው ያለበት አይሆንም። የሽልማቱ ካሎሪ ከቀኑ 10 በመቶ እንዳያልፍ ከምግቡ ይቀነሳል።

«ና» ተብሎ የመጣ ውሻ አይቆጣም፣ አይታሰርም፣ አይታጠብም። ለነዚያ ሰው ራሱ ሄዶ ያመጣዋል። ይህን አንድ ሕግ ማፍረስ የሁለት ወር ሥራ ያጠፋል፤ በብዛት የሚያፈርሱትም አዋቂዎቹ እንጂ ልጆቹ አይደሉም።

ንክሻ፦ ጥርሱ እጅ ሲነካ ጨዋታው ለ20 ሰከንድ ይቆማል፣ ሰውየው ይቆማል፣ እጁን ያጥፋል። እጅ መንጠቅ የለም፤ የሚሸሽ እጅ ለእረኛ ውሻ የሚያመልጥ በግ ነው። በምትኩ የተጠቀለለ ጆንያ ይጎትታል። መጎተቱ ይፈቀዳል፣ «ተው» ሲባል ይለቃል፣ እንደለቀቀ ተመልሶ ይሰጠዋል። መልቀቅ ማጣት እንዳልሆነ ሲገባው «ተው» ለዶሮም ለጫማም ይሠራል።

ማምሻውን እንደ እብድ የሚዞርበትና የሚነክስበት ሰዓት ነበር። ጉልበት የተረፈው ይመስላል፣ የተረፈው ግን ድካም ነው። የ6 ወር ቡችላ በቀን ከ15 ሰዓት በላይ መተኛት ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ከልጆቹ ጋር እስከ እራት ሳያርፍ ይቆይ ስለነበር ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት በቤቱ እንዲተኛ ሆነ። የማምሻው ወረራ በሳምንት ውስጥ ጠፋ።

ነሐሴ። ፍልሰታ

ከነሐሴ 1 ጀምሮ ወጥ ቤቱ ፆም ነው። ለውሻው የሚተርፈው ሽሮና ምስር ይሆናል፤ ሁለቱም በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የተሠሩ ናቸው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ይጎዳል፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽም ይጠራቀማል። መብሰሉ አያድነውም። ምልክቱ የገረጣ ድድ፣ የቡና መልክ ያለው ሽንት፣ ድካም ነው። «ድሮ ውሾቻችን ምን በሉ?» የሚለው ጥያቄ ተነሥቷል። ድሮ ስንቱ ውሻ ስንት ዓመት እንደኖረ የመዘገበ የለም።

ልብ ቀድሞ ተገዝቶ በ200 ግራም እየተከፈለ ማቀዝቀዣ ገብቷል። መብራት ሲጠፋ እስኪመጣ ማቀዝቀዣውን አለመክፈት፤ ከቀለጠ በኋላ ያው ቀን መቀቀል። የሙስሊም ሥጋ ቤቶች በፆሙ ስለማይዘጉ ከዚያ መሙላት ይቻላል። ሁለት እንቁላልም 100 ግራም ልብን ይተካል። በሑዳዴ 55 ቀን ነውና ዕቅዱ ከዚህ ሰፋ ብሎ መያዝ አለበት።

የበሩ ልምምድም በዚህ ወር ነው። ከውስጥ በሩ 4 ሜትር ላይ ጆንያ ተነጠፈ፤ «ቦታህ» እሱ ነው። መጀመሪያ በሩ ሳይነካ ተኝቶ ይሸለማል። ቀጥሎ ሰው መቀርቀሪያውን ይነካል፤ ቀጥሎ አንድ ስንዝር ከፍቶ ይዘጋል፤ ቀጥሎ ወጥቶ ይመለሳል፤ በመጨረሻ ከውጭ ሌላ ሰው ያንኳኳል። ውሻው ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከተነሣ ደረጃው ከብዶታል ማለት ነው፣ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። የሚበላሸው ሰው ሲቸኩል ነው፤ በተለይ እንግዳው «ችግር የለም፣ ውሻ እወዳለሁ» ብሎ ደረቱ ላይ ሲያስወጣው።

መስከረም። በግ፣ ዝንብ፣ ርችት

ክብደት 26 ኪሎ፣ ዕድሜ 8 ወር።

ከዘመን መለወጫ በፊት በግ ነጂዎች መንጋ ይዘው በአስፋልቱ ያልፋሉ። ውሻው በ60 ሜትር አይቶ ጆሮውን አቆመ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ እርምጃው ቀለለ። አደን ሳይሆን የዘሩ ሥራ ነው፤ የበጉ ባለቤት ግን ይህን ልዩነት እንዲያደንቅ አይጠበቅም። መመለስ የሚቻለው በዚህች ቅጽበት ነው። ማሰሪያው ከተወጠረ በኋላ ጉበትም አይታየውም። ስለዚህ ጆሮ ሲቆም ዞር፣ 10 እርምጃ ራቅ፣ ሰው ሲያይ ሽልማት። የበግ ተራ የሚሆኑ ጥጎች እስከ በዓሉ ድረስ ከመንገዱ ይወጣሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእርዱ ቀን ነው። ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከተገኘ «ለውሻው ጣሉለት» ይባላል፤ የሚጣለውም የተበላሸ ነው ተብሎ ነው። ከረጢቱ የኮሶ ትል ዝርያ እጭ ነው። ጥሬውን የበላ ውሻ አንጀት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝሙ ትሎች ይሆናል። ከ6 እስከ 7 ሳምንት በኋላ እንቁላላቸው በሰገራው ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ውሻውን ያሻሸ ልጅ እጅ ላይ ይደርሳል። ያ ከረጢት ከዚያ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያድጋል። ውሻው ራሱ አይታመምም፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም።

የተደረገው፦ ውሻው ከእርዱ በፊት ክፍል ገባ፤ ከረጢት ያለበት የሆድ ዕቃ ተቃጠለ፤ ደሙ ታጥቦ እስኪያልቅ አልወጣም። ለውሻው የሚሰጥ የሆድ ዕቃ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፈላል። የበሰለ አጥንት፣ የበግም የዶሮም፣ አይሰጥም፤ ሲበስል ይሰነጠቃል፣ ስንጣሪው አንጀት ይበሳል። ከበዓሉ በኋላ ሐኪሙ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት ሰጥቷል፣ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ ለ26 ኪሎ 130። በየ6 ሳምንቱ ይደገማል፣ ትሉ እንቁላል መጣል ሳይጀምር።

ፀሐይ ሲወጣ ዝንብ ጆሮው ጫፍ ላይ ሰፈረ። ቀጥ ያለ ጆሮ ያላቸውን ውሾች ጫፉን እየነከሰ ያደማል፣ ደሙ ሌላ ዝንብ ይጠራል። ቁስሉ በለብታ ውሃ ታጥቦ ቫዝሊን ወፈር ተደርጎ ይቀባል፤ ሰገራው በየቀኑ ይነሣል፣ ዝንቡ የሚፈለፈለው እዚያ ነውና።

ለደመራ ዝግጅቱ ከነሐሴ መጨረሻ ነበር። የርችት ድምፅ በስልክ፣ እጅግ ዝቅ ተደርጎ፣ ምግብ ሲበላ። ጆሮውን ካዞረ በኋላ መብላቱን ከቀጠለ በማግስቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ካቆመ ዝቅ። በዋዜማው ከ9 ሰዓት በፊት ረጅም ጉዞ፣ ከዚያ መስኮቱ የተዘጋ የውስጥ ክፍል፣ ሬዲዮ፣ የሚልሰው ነገር። ተንቀጠቀጠ ብሎ ማባበል ፍርሃቱን አያሳድግም፤ አጠገቡ መቀመጥ ይቻላል።

ጥቅምት። ከግቢ ውጭ

ጉዞው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ በፊት የመንገድ ውሾች ገና ሰፈሩን ይዘውታል፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ መንገዱ ተማሪ ነው። በኮሪደር ልማቱ የሰፋው የአራት ኪሎና የፒያሳ የእግረኛ መንገድ ለሥልጠና ይመቻል፤ ሰው ሲመጣ 3 ሜትር ለመራቅ ቦታ አለ። ነጠላ የለበሱ እናት፣ መቋሚያ የያዙ አባት፣ ለሱብሒ የሚሄድ ሰው ሲያልፍ ውሻው ከመንገደኛው ተቃራኒ ጎን ሆኖ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ውሻ ይፈራል፣ ብዙው ደግሞ ወደ ጸሎት ሲሄድ የውሻ ለሀጭ ልብሱን እንዲነካው አይፈልግም። «አይነክስም፣ አትፍሩ» ማለት መልስ አይደለም፤ መራቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም፣ በሩ ላይም አይቆምም።

ልቅ ሩጫ የለም። ባለ 10 ሜትር ገመድ፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ፣ ከደረት ማሰሪያው ጋር ይያያዛል። አንገት ላይ ከታሰረ 10 ሜትር ሮጦ የሚቆመው በማንቁርቱ ነው። ጓንት ያስፈልጋል፤ 28 ኪሎ ሲሮጥ ገመዱ መዳፍ ያቃጥላል። ጃን ሜዳ ዳር ላይ፣ ኳስ ከሚጫወቱት ርቆ፣ በሣር ላይ ይሠራል፦ በገዛ ፍጥነቱ 20 ደቂቃ ማሽተት፣ 5 ደቂቃ «ና»፣ እንደገና ማሽተት። «በዕድሜው ወር 5 ደቂቃ» የሚባለው ልኬት ልማድ እንጂ በጥናት የተረጋገጠ ሕግ አይደለም። የሚጎዳው የደቂቃው ብዛት ሳይሆን የግዳጅ ሩጫ ነው፦ ከብስክሌት ጋር፣ በአስፋልት፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ኳስ እየተወረወረለት በድንገት መታጠፍ። የአጥንቱ ጫፍ እስኪዘጋ፣ እስከ 15 ወይም 18 ወር፣ እነዚህ የሉም።

የመንገድ ውሻ መንጋ ሲመጣ መሮጥ የለም። ቆሞ ውሻውን ከኋላ ማድረግ፣ ጃንጥላ ወደ ፊት መክፈት። የአዲስ አበባ ውሻ ሰው ወደ መሬት ሲጎነበስ ድንጋይ ሊያነሣ እንደሆነ ያውቃል፤ መጎንበሱ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። መወርወር ግን ባሩድንም ያስደነግጠዋል፣ ሰፈሩንም ያጣላል።

ሰገራው በወረቀት ተነሥቶ ይሄዳል። ሌሎች አያነሡም ማለት ሥራውን አይቀንሰውም።

እኩለ ቀን ላይ የአፍንጫ ሥራ ተጨምሯል። ባዶ ካርቶኖች ይደረደራሉ፣ ጉበቱ አንዱ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ግቢው ውስጥ፣ ከዚያ የልጆቹ ካልሲ። የ10 ደቂቃ ማሽተት ከግማሽ ሰዓት መንገድ ይበልጥ ያሳርፈዋል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የሚጮኸው ጩኸት የጠፋው ከዚህ በኋላ ነው፤ የማታው ጥበቃ መጀመሪያ ታሟል ብሎ ሐኪም ይጠራ ብሎ ነበር።

ኅዳር

ኅዳር 12 ሰፈሩ ቆሻሻ አቃጠለ። ፕላስቲክና ጎማ አብሮ ስለሚነድ ጭሱ የውሻንም ሳንባ ይጎዳል። ጠዋት ተንቀሳቅሶ ቀኑን ውስጥ ዋለ። በማግስቱ አመዱ ውስጥ ያልነደደ አጥንትና የተሰበረ ጠርሙስ ስለሚቀር መንገዱ ተቀየረ።

10 ወር። «ና» ሲባል አይቶ ይሄዳል፣ ጃንጥላ እንደ አዲስ ይፈራል። አልረሳም፤ ጉርምስና ነው። ልምምዱ ወደ ሐምሌው ይመለሳል፦ አጭር ርቀት፣ የተሻለ ሽልማት፣ ገመዱ ሁልጊዜ። ብዙ ሰው ውሻውን ወደ ሰንሰለት የሚመልሰው ወይም ለሌላ የሚሰጠው በዚህ ወር ነው፣ የሥራው ሁለት ሦስተኛ ካለቀ በኋላ።

ታኅሣሥ። የአፍ መሸፈኛ

ቅርጫት መሰል፣ አፉን ከፍቶ የሚያለከልክበትና ውሃ የሚጠጣበት። የአፍንጫው ርዝመት ላይ 1 ሳንቲ ይጨመራል፤ ዙሪያው የሚለካው አፉ ተከፍቶ ነው። ጨርቅ ሆኖ አፍ የሚዘጋው ለሐኪም ጠረጴዛ ጥቂት ደቂቃ እንጂ ለመንገድ አይሆንም፤ ውሻ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ጉበት ውስጡ ተቀብቶ አፍንጫውን ራሱ ያስገባል፤ ማሰሪያው የሚታሰረው ለ10 ሰከንድ መያዝ ሲለምድ ነው።

ጥበቃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ይህ ነው፦ ውሻው ሰው ከነከሰ ወይም ጥርሱ ቆዳ ከቧጨረ፣ ቁስሉ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ የተነከሰው ሰው ያኔውኑ ጤና ተቋም ይሄዳል፤ የክትባት ካርዱ ፎቶ ይሰጠዋል፤ ወጪው የባለቤቱ ነው፤ ውሻው 10 ቀን ተለይቶ ይታያል፣ አይገደልም፣ አይሸጥም። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ክትባቱ ግን አይዘገይም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለም።

ጥር

ከጥር 10 ጀምሮ ጃን ሜዳ የታቦታቱ ነው። የዚያ ሳምንት ጉዞ ወደ ቀበና ቁልቁል ሆኖ ሌሊት 11 ሰዓት ከመድረሱ በፊት አልቋል፤ ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ውሻ ይዞ መቆም አይገባም።

12 ወር፣ 32 ኪሎ። ዕረፍት ላይ የሚያቃጥለው 942፣ ቀለቡ ከእጥፉ ወደ 1.6 ጊዜው፣ 1500 ገደማ፣ ወርዷል። ሰው ሲገባ ጆንያው ላይ ይተኛል፣ በሩ ሲንኳኳ ሁለቴ ይጮኽና ወደ ሰው ያያል። ሁለቱ ጩኸት አልተከለከለም፣ ጥበቃነቱ እሱ ነው። በግ ላይ አሁንም አይታመንም።

የቀረው፦ ማኮላሸቱ አልተቸኮለም፤ በዚህ ዝርያ ከአንድ ዓመት በፊት ሲደረግ የመገጣጠሚያ ችግር እንደሚበዛ ታውቋል። አብሮት የዳሌ ራጅ ይነሣል። የእብድ ውሻ ክትባቱ ድጋሚ በሚያዝያ ነው። የ10 ሜትሩ ገመድ መንጠቆ ስፕሪንጉ ደክሟል፤ ከሰኞ በፊት በሚዞር የናስ መንጠቆ ይቀየር፣ እስከዚያ አጭሩ ማሰሪያ ብቻ።